ከፊት የተሰለፈው ሰው ደም

ሩዋንዳ ሰፈር (ከቢሮ)፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018

ጃሌ፣

የጋምቤላ ሙቀት አቅልጦ አልጨረሰህም ብዬ ተስፋ ላድርግና ልጀምር። የመሥሪያ ቤትህ ኢንተርኔት ከጽሑፍ በቀር አያሳልፍም ማለትህን አምኛለሁ። ይሁን። እኔም በስልክ ከምጮህብህ በጽሑፍ ባማርር ይሻለኛል።

ቢሮው እንዴት ነው ላልከው፣ ቢሮው ገምቷል። ቅኔ አይደለም። መንገዱን የቆፈሩት ሰዎች የፍሳሽ ቱቦውን ነካክተው ከሄዱ ወዲህ ሽታው በደረጃው እየወጣ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። አብኔዘር ምን አደረገ መሰለህ? ቱቦውን የሚጠግን ሰው በመጥራት ፈንታ በየክፍሉ የሎሚ ሽታ የሚረጭ ዕቃ ሰቀለ። አሁን ሎሚና ሽንት ቤት አብረን እየማግን ነው የምንውለው። "ችግር የለም ሳምሪ፣ ደንበኛ ሲገባ ቀድሞ የሚሸተው ሎሚው ነው" አለኝ። ያ ሁለታችንንም ሥራ ያስተማረን፣ ጽፎ የጨረሰውን ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ሳይፈትሽ የማያስረክብ አብኔዘር! ሥራ አስኪያጅ ሆነና አለቀ።

የያዝኩት ሥራ አያት ሰፈር ያለውን ክሊኒክ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ሐጎስ ደጋግሞ ይደውላል። "ውጤት ማተሙ አንዳንድ ጠዋት ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል" ነው የሚለው። አንተ የጻፍከው የታካሚ ምዝገባውን ስለሆነ ይኼን ክፍል ላታውቀው ትችላለህ። የደም መመርመሪያው ማሽን ከውጭ ሲገዛ የራሱን አንባቢ ፕሮግራም ይዞ ነው የመጣው። የኛ ሲስተም ማሽኑን ራሱ አያናግርም። አንባቢውን ያስነሳዋል፣ አንባቢው ቁጥሮቹን ከማሽኑ ወስዶ አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ የኛው ያንን ፋይል አንብቦ ከታካሚው ስም ሥር ያትማል። ሰው ልኮ ዕቃ እንደ ማስመጣት በለው። የተላከው ለምን አንዳንዴ እንደሚቀር ነው ያልገባኝ።

የፎልደሩ ስም መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አለው፤ እሱ ይሆናል ብዬ በጥቅስ ምልክት አጠርኩት። አይደለም። ከየትኛው ፎልደር እንደሚነሳ ለይቼ ጻፍኩለት። አይደለም። ፈቃድ አንሶት ይሆናል ብዬ ያለ የሌለ ፈቃድ ሰጠሁት። እሱም አይደለም። የሚያቃጥለኝ ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሳስነሳው አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

አክስትህን እሁድ አየኋቸው። ጉልበታቸው ያው ነው፤ ግን ሐኪሙ ጠንከር ያለ ማስታገሻ አዞላቸው በደስታ ተቀብለውኛል። መድኃኒቱ ኩላሊት ስለሚጎዳ መጀመሪያ ደማቸውን አስመርምሯል። "ኩላሊቴ የኮረዳ ነው ተባልኩ!" ብለው ወረቀቱን አሳዩኝ። የኛ ልጅ በሠራው ኮምፒውተር የወጣ ነው እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ያሳዩታል።

ሳምራዊት

*

ጋምቤላ
ጥቅምት 20 ቀን 2018

ሳምሪ፣

ሙቀቱ አልገደለኝም፤ የሚገድለኝ እዚህ ሁሉም ነገር "ነገ" መሆኑ ነው። ለምን አትመጣም እንዳትዪኝ፣ የተላክንበት የሰው ምዝገባ ሳያልቅ ፈቃድ አይሰጡም። ሲያልቅ እመጣለሁ።

ስለ አንባቢው እስከ ምሳ ድረስ አሰብኩበት። አንቺ ጠረጴዛ ላይ ስታስነሺው በስምሽ ገብተሽ፣ ስክሪን ፊትሽ ተከፍቶ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ግን የኛ ሲስተም የሚሠራው ከበስተጀርባ ነው። ማንም አልገባበትም፤ ስክሪንም የለውም። አንባቢው መስኮት ከፍቶ አንድ ነገር ቢጠይቅ ማን ያየዋል? ማን "እሺ" ብሎ ይጫንለታል? ባዶ ቤት ገብቶ "ቤቶች!" እያለ ቆሞ ይቀራል። እዚያው ሄደሽ በክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ በዓይንሽ እዪው።

ሁለተኛ፣ መቅረቱን ነገርሽኝ እንጂ ከቀረ በኋላ የኛው ሲስተም ምን እንደሚያደርግ አልነገርሽኝም። እኔ ሳለሁ "ውጤት አልተገኘም" የሚል ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ይቆም ነበር። አሁንም ይቆማል?

አሁን ደግሞ ልመና። ትናንት ለአክስቴ ለአዳዳ ደሪቱ ደውዬ ነበር፤ ድምጿ አላማረኝም። እግሬ ትንሽ አብጧል አለች። ጎረቤቷ ስልኩን ተቀብላ ፊቷም አብጧል አለችኝ። እሷን ታውቂያታለሽ፣ አሞኛል ከምትል ብትሞት ትመርጣለች። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዘመድ ሁሉ "ቤቱ ጠባብ ነው" ሲለኝ፣ መሬቷን ሸጣ የቀረቻትን አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍላ ያኖረችኝ ሴት ናት። እዚያ ክሊኒክ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ፤ የኛ ሲስተም አለበት ብዬ። እባክሽ እዪልኝ፤ ካየሽም ያየሽውን እንዳለ ጻፊልኝ።

ጃለታ

*

ሰሚት፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 28 ቀን 2018

ጃሌ፣

ትክክል ነህ። ትክክል ባትሆን በወደድኩ።

ክሊኒኩ ሄድኩ። ሐጎስ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጠኝ። ሲስተሙን ከበስተጀርባ አውጥቼ አንባቢው የሚከፍተው መስኮት እንዲታየን አደረግኩ። የመጀመሪያው ደም ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ስክሪኑ መሃል አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። "አዲስ እትም ወጥቷል። አሁን ይጫን?" ትላለች። ከሥሯ "እሺ" እና "በኋላ"። የሚጫናት ሰው ካላገኘች ደቂቃ ያህል ጠብቃ በራሷ ትዘጋለች። አንባቢው ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩን የሚጽፈው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አዲስ እትም ባወጡ ቁጥር እስኪጫን ድረስ እንዲህ ነው።

የኛ ሲስተም ግን ደቂቃ አይጠብቅም። ግማሽ ደቂቃ ይጠብቅና ይተዋል። ትቶስ? "ይቆማል ወይ" ብለህ ጠየቅከኝ። አይቆምም። ፋይሉ ላይ ያገኘውን ያትማል። ፋይሉ ላይ ያለው የማን ነው? ከዚያ ሰው በፊት ደም የሰጠው ሰው ነው። አንባቢው ዘግይቶ የጻፈው ደግሞ ለሚቀጥለው ታካሚ ይታተማል። ገባህ? በእነዚያ ጠዋቶች ሰው ሁሉ ከፊቱ ተሰልፎ የነበረውን ሰው ደም በስሙ ተቀብሎ ወጥቷል።

ሐጎስ ጓንቱን አውልቆ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለና "ስንት ሰው?" አለኝ። አላወቅኩም።

ቢሮ ስመለስ ኬክ እየተቆረሰ ነበር። አዲስ ሆስፒታል ፈርሟል ተብሎ። አብኔዘር ሳህኑን እንደያዘ ወደ ጎን ጠራሁት።

"ቀዩን ጽሑፍ ማን አጠፋው?"

"እኔ ነኝ። ክሊኒኮቹ ታካሚ ፊት ቀይ ሲወጣ ያሳፍረናል አሉ። ለጊዜው ነበር።"

"የሌላ ሰው ደም እያተመ ነው፣ አብኔዘር።"

ከንፈሩ ላይ ክሬም አለ። ጃሌ፣ እውነቴን ነው፣ ጆሮዬ የሰማውን ትቼ ያንን ክሬም ነበር የማየው። ላሰ። "አስተካክይውና እንልካለን። ሰው ሞተ እንዴ?" አለኝ።

አስተካከልኩት። አሁን ሲስተሙ አንባቢው ጨርሶ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ በደህና ጨርሶ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ፋይል አለው፤ አንባቢው ከቀረ ቀዩ ጽሑፍ ይወጣል፣ ምንም አይታተምም። ለአብኔዘር አሳየሁት፣ ጥሩ ነው አለ። "ለደንበኞች በሚላከው ማስታወሻ ላይ ምን ልበል?" አልኩት።

"‘ፍጥነት ተሻሽሏል’ በይ።"

"ያለፉት ታካሚዎችስ?"

"እነሱን መነካካት ገበያችንን መዝጋት ነው። በቃ ሳምሪ፣ ችግሩ ተፈቷል።"

ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ስወጣ ጸሐፊዋ በዓይኗ ሆዴን ለካችው። ይኼም ቢሮ ነው እንግዲህ!

ስለ አክስትህ የጠየቅከኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሳምራዊት

*

ጋምቤላ
ኅዳር 6 ቀን 2018

ሳምራዊት፣

ደብዳቤሽ ሁለት ገጽ ነው። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ኬኩ፣ ስለ ጸሐፊዋ ዓይን ሳይቀር ጽፈሽልኛል። ስለ አዳዳ ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱም "በሌላ ጊዜ" ይላል።

ስልኳ አይነሳም። የጎረቤቷ ስልክ ይጠራል፤ ድምፄን ስትሰማ ኔትወርክ የለም ትላለች። ኔትወርክ ከሌለ እንዴት ሰማችኝ?

አዳዳ ደም የሰጠችው ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ነው?

አዎ ወይም አይደለም በዪኝ። ሌላ አልፈልግም።

ጃለታ

*

ሰሚት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018

ወንድሜ ጃለታ፣

አዎ።

መጀመሪያ ይኼን ያዝ፦ አክስትህ በሕይወት አሉ፤ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ይናገራሉ፤ ይቆጣሉም።

ከክሊኒኩ ሳልወጣ፣ በዚያው ቀን ነው ያወቅኩት። ማሽኑ የራሱ ማኅደር አለው፤ የማን ደም ምን ቁጥር እንዳወጣ አይረሳም። ከሐጎስ ጋር የማሽኑን ቁጥርና እኛ ያተምነውን ጎን ለጎን ስናነብ ስማቸው መጣ። የኮረዳ ነው የተባለው ኩላሊት የሳቸው አይደለም፤ ከፊታቸው የተሰለፈች የአንዲት ወጣት ነው። የሳቸው ኩላሊት ያን ቀንም ደክሞ ነበር። ሐኪሙ እውነተኛውን ቢያይ ያንን ማስታገሻ ባላዘዘ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጉልበቴ ተሻለኝ ብለው አንዲትም ቀን ሳያስታጉሉ ዋጡት።

ከዚያ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። በር ሲከፍቱልኝ ሌላ ሴት መስለውኝ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ፊታቸው እንደዚያ ሆኖ ነበር። ከጎረቤታቸው ጋር ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው። መንገድ ላይ እጄን ይዘው "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለጃለታ እንዳትነግሪ። ሥራውን ጥሎ ይመጣል" አሉኝ። አስማሉኝ። ለዚህ ነው ያልጻፍኩልህ፤ ጎረቤታቸውንም እንዲሁ አስምለዋታል። መሐላውን አሁን ማፍረሴ ነው። ይቁጠሩብኝ።

የኩላሊት እጥበት ጀምረዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ከቆመ የተወሰነው ሊመለስ ይችላል አለ። ምን ያህሉ እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

የሳቸው ቁጥር የት ሄደ ብለህ ልትጠይቀኝ ነው። ከኋላቸው ለተሰለፉ ሰውዬ ተሰጠ። አቶ ተክለብርሃን ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ እዚያው አያት ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ጤነኛ ሰው "ኩላሊትህ አልቋል" ተብሎ ቤቱ ተቀምጧል።

የክሊኒኩ ባለቤት ጋ ከሐጎስ ጋር ገባን። ሰምታ ስታበቃ ምን አለች? "ስማቸው የተገኘውን ሁሉ ደውላችሁ ጥሩ፤ ግን ‘ለደንበኞቻችን የቀረበ ነፃ ምርመራ’ በሏቸው።" ፖስተር ላሠራ አለች፣ ጃሌ! ሐጎስ የለበሰውን ነጭ ጋውን አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። "እኔ የምደውለው ‘ተሳስተን የሌላ ሰው ውጤት ሰጥተንዎታል’ ብዬ ነው። ሌላ የምትዪ ከሆነ ሌላ ሰው ቅጠሪ" አላት። ጋውኑን መለሰችለት። ደግነት ይዟት አይደለም፤ ሌላ የላብራቶሪ ሰው ቶሎ እንደማታገኝ ስለምታውቅ ነው።

አብኔዘር የክሊኒኩን ባለቤት በቀጥታ ማናገሬን ሲሰማ ከሥራ አሰናበተኝ። ሎሚ ሎሚ በሚሸት ክፍል ውስጥ።

ሳምራዊት

*

ጋምቤላ
ኅዳር 14 ቀን 2018

ሳምራዊት፣

ፈቃድ ከለከሉኝ። ጥዬ እየመጣሁ ነው፤ ቅዳሜ ባለው በረራ።

አንቺን መስደብ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት። ያንን ሁሉ ቀን አንቺ ታውቂ ነበር፤ እኔ ግን እዚህ የሰው ስም እየመዘገብኩ ስስቅ ነበር። መሐላ አልሽኝ። አሮጊት በሕመም ላይ ያስማለችሽን መሐላ! መሐላውን ባትጠብቂላት ነበር የሚሻላት።

ቢሆንም ታክሲ ውስጥ ያስገባሻት አንቺ ነሽ። ይኼን አልረሳም። ሌላው ሲደርስ ይወራል።

ለአብኔዘር መምጣቴን አትንገሪው።

ጃለታ

*

ሰሚት፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2018

ጃሌ፣

ጋምቤላ ያለ ችግር ገብተህ፣ ሥራውም ተመልሶልህ እንደሆነ ንገረኝ። ከሄድክ ወዲህ ያለውን ሁሉ ጻፊ ስላልከኝ፣ ይኸው።

የቢሮውን የመስታወት በር ቀይረውታል። ያን ቀን የነበሩት ልጆች አንተ ስትገባ አብኔዘር ጠረጴዛ ሥር ገባ እያሉ ያወራሉ፤ አንተ ግን የመታኸው በሩን ብቻ መሆኑን ነግረኸኛልና አምኜሃለሁ። በሩ ምን በደለ?

አዳዳ ቤታቸው ገብተዋል፤ ደህና እየሆኑ ነው። እጥበቱ በሳምንት ወደ አንድ ጊዜ ወርዷል። ሐኪሙ ኩላሊታቸው ከዚህ በላይ ይመለሳል ብዬ አልዋሽም አለ። ጉልበታቸው እንደገና ያማቸዋል፤ ኩላሊታቸውን ሳይጎዳ የሚበረታላቸው መድኃኒት ግን የለም። ሌሊቱን በሕመም እንዴት እንደሚያድሩ ጎረቤታቸው ነግራኛለች፤ እኔ ግን አልጽፈውም።

አብኔዘር መጥቶ ነበር። አዎ፣ መጣ። ቄስና የዕድሩን ሊቀመንበር አቶ ገረመውን አስከትሎ፣ በካርቶን ብርቱካን አሸክሞ። ኩላሊት ለታመመ ሰው ብርቱካን እንደማይሰጥ እንኳ አልጠየቀም። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ቄሱ ስለ ይቅርታ ተናገሩ። አቶ ገረመው "የሰው ስህተት ነው፣ እመቤቴ" አሉ። አዳዳ ሁሉንም አስጨርሰው ሲያበቁ አብኔዘርን ብቻ አዩ።

"አንተ ነህ ማሽኑን ዝም ያሰኘኸው?"

"እማማ፣ ዝም አላሰኘሁትም። ቴክኒካል ነገር ነው፣ እርስዎ..."

"አውቃለሁ። ልጄ ነግሮኛል። ‘አላገኘሁም’ ሊል ሲል አፉን የያዝከው አንተ ነህ?"

አቶ ገረመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አብኔዘር መሬት መሬት እያየ "ደንበኞቹ ጠይቀውኝ ነው" አለ።

"‘አላገኘሁም’ ቢለኝ ነገ እመለስ ነበር" አሉ አዳዳ። "ቤቴ ቅርብ ነው።"

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "እኔ ብቻዬን አይደለሁም አሉኝ። ሌሎችም አሉ። መጀመሪያ የእነሱን ቤት ዙሩ። በእያንዳንዱ ቤት ይኼው ልጅ ያደረገውን በራሱ አፍ ይናገር። ዞራችሁ ስትጨርሱ እኔ እዚሁ ነኝ። ብርቱካኑን ይዛችሁ ሂዱ።"

አብኔዘር አንድ ቤት ሄደ። አንድ! ለድርጅቱ ገጽ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ይዞ። ቄሱ ካሜራውን ሲያዩ "እኔ ለዚህ አልመጣሁም" ብለው በእግራቸው ተመለሱ። ያንን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የተነሳው። ከሥሩ የተጻፈውን አልነግርህም። ምሳዬን ገና አልበላሁም።

ስለዚህ የቀሩትን ቤቶች ሐጎስ፣ አቶ ገረመውና እኔ እየዞርን ነው። አንዳንዱ ይሰድበናል። አንዷ ሴት በሩን ዘጋችብን፤ ከውስጥ ስታለቅስ እየሰማን ቆምን። አብዛኛው ግን ምንም አልደረሰበትም፤ ሲሰማ ሳቅ ብሎ "እግዜር አተረፈን" ይላል። እኔን ግን ይኼ ሳቅ ነው ይበልጥ የሚከብደኝ። በዕድል ተረፉ እንጂ ማን አዳናቸው?

አቶ ተክለብርሃን ጋ የሄድነው ትናንት ነው። ሐጎስ በስልክ ቀደም ብሎ ነግሯቸው ሌላ ምርመራም አድርገው ነበር፤ አላመኑም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጨው የሌለው ሽሮ እየበሉ አገኘናቸው። ንስሐ ገብተዋል። ሱፋቸውን ለወንድማቸው ልጅ፣ ሬዲዮናቸውን ለጥበቃው ሰጥተዋል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው፤ ውጤቱ ከፊታቸው የተሰለፈ ሰው እንደሆነም ነገርኳቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና "ታዲያ ይኼ ሕመም የማን ነው?" አሉኝ።

የአዳዳን ስም ሳላስፈቅድ መናገር አልፈለግኩም። ለአዳዳ ደውዬ ጠየቅኩ፤ "ይምጣ" አሉ።

ዛሬ ጠዋት አመጣኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ፤ መግባት ፈሩ። አዳዳ ቀና ብለው "ማን ልበል?" አሏቸው።

"ተክለብርሃን እባላለሁ። የእርስዎን በሽታ ተሸክሜ የከረምኩት እኔ ነኝ።"

አዳዳ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። "ታዲያ ምን አጣደፈዎት?" አሉ። "ትንሽ ቢያቆዩልኝ ምን ነበረበት?"

አቶ ተክለብርሃን መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። አዳዳም ሳቁ፤ ጎረቤትየዋም ከጓዳ ወጥታ እስኪያማት ሳቀች። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም፣ ጃሌ። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከውስጥ አዳዳ ሰውዬውን ጨው ያለው ምግብ ይብሉ እያሉ ሲያስገድዷቸው ይሰማል።

ሳምራዊት